የሞላ ዲስክ ምን ይዟል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በደምበጫና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ፣ የመኸሩን እህል ወቅቶ ካስገባ በኋላ ጎተራውን የሚከፍተው ለቀለብ ሲፈልግ ብቻ አይደለም። ከጊዜ ወደ ጊዜ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ እህሉ መሞቅ አለመሞቁን ይዳስሳል፤ ነቀዝ ገብቶ እንደሆነ ይመረምራል፤ የጎተራውን ግርጌ ዞሮ የአይጥ ቀዳዳ ይፈልጋል። እህሉ ከተገመተው ጊዜ ቀድሞ የጎደለ እንደሆነም «ማን በላው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የመረጃ ጎተራ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እህል ይጎድላል፤ የኮምፒውተር ዲስክ ግን ይሞላል። በመሆኑም ጥያቄው «ማን በላው?» ሳይሆን «ቦታውን ምን ያዘው?» የሚል ይሆናል።

ለነገሩ ቋንቋችንም ሁለቱን ነገሮች አስቀድሞ አዛምዷቸዋል። በኮምፒውተር ውስጥ በሥርዓት ተደራጅቶ የሚቀመጠው መዝገብ በአማርኛ «የመረጃ ቋት» ተብሎ ይጠራል። ቋት ደግሞ እህል ወይም ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች ቃል ከውጭ ከመበደር ይልቅ ከቤታቸው ጓዳ መፈለጋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ሰርቨር ማለት በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሰው ብቻ ከሚሠራው ኮምፒውተር የተለየ፣ ለብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። ሌሎቹ ይጠይቃሉ፤ እርሱ ይመልሳል። ቀንም ሆነ ሌሊት አይጠፋም። የሚጻፍለትን ሁሉ የሚያኖረው በዲስኩ ላይ ሲሆን፣ የዲስኩ ስፋት ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ነው። የሚጻፈው ነገር ግን ወሰን የለውም።

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ከሚገኙት ሰርቨሮች መካከል ከባድ ኀላፊነት የተጣለባቸው የመሬት ይዞታ መዝገብ የሚይዙት ናቸው። በአማራ ክልል የገበሬውን ይዞታ መዝግቦ የማረጋገጫ ደብተር መስጠት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩንም አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 በዝርዝር ደንግገውታል። በመጀመሪያው ምዝገባ የማሳው ስፋት በገመድ ይለካ፣ ወሰኑም በአዋሳኞች ስም ይገለጥ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እየተሠመረ ካርታ ይዘጋጅለታል። ይህንንም ለመያዝ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት በበርካታ ወረዳዎች ተዘርግቷል። ጎጃም ደግሞ በመሬት ነገር ቀልድ አያውቅም። ገበሬው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ መነሣቱን፣ በ1989 ዓ.ም. የተካሄደውም የመሬት ሽግሽግ ስንቱን ቤተሰብ ደስ እንዳሰኘና ስንቱን እንዳስቀየመ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለሆነም የዚህ መዝገብ መጥፋት ወይም መቆም የአንድ ዕቃ መበላሸት ብቻ ሆኖ አይታይም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በደምበጫ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰርቨር አለ እንበል። አንድ ማለዳ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ባለጉዳዮች በር ላይ ተሰልፈዋል። አንዱ የአባቱን ይዞታ በውርስ ሊያዛውር መጥቷል፤ አንዲት እናት መሬታቸውን ለልጃቸው በስጦታ ሊያስተላልፉ መጥተዋል፤ ሌላው የኪራይ ውል ሊያስመዘግብ ነው። መዝጋቢው የመጀመሪያውን ጉዳይ ጽፎ «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፣ ሥርዓቱ በዲስኩ ላይ ቦታ እንደሌለ የሚገልጽ መልእክት ያወጣል። ጥቂት ቆይቶም የመረጃ ቋቱ ጨርሶ ሥራውን ያቆማል። ይህ የሚሆነው በስንፍና አይደለም። ጥንቃቄ ያለው የመረጃ ቋት አንድን ለውጥ ሙሉ በሙሉ መመዝገቡን ካላረጋገጠ በግማሽ ከመመዝገብ ይልቅ እምቢ ማለትን ይመርጣልና ነው። ግማሽ የተመዘገበ ውርስ ካልተመዘገበው የባሰ ነገር ያመጣል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚታየው የመጀመሪያ ስሜት አንድ ነው፤ ይኸውም ትልቅ መስሎ የታየውን ነገር ፈጥኖ መደምሰስ ነው። ባለጉዳይ በር ላይ ቆሟል፤ አለቃ ይቆጣል፤ መደምሰስ ደግሞ ከመፈለግ ይቀላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን በሞላ ዲስክ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከዲስኩ መሙላት ሳይሆን ከዚህ ጥድፊያ ነው። ዲስክ ስለሞላ የጠፋ መዝገብ ጥቂት ነው፤ ዲስክ ስለሞላ የተደመሰሰ ግን ብዙ ነው።

ወደ ፍለጋው እንግባ። ሰርቨሩ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ነው እንበል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ ሲሆን አሠራሩን የወረሰው ዩኒክስ ከተባለው ቀደምት ሥርዓት ነው። ዩኒክስ ደግሞ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪዎች በእነ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የዩኒክስ የመጀመሪያ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግሉ ሁለት ትእዛዞች ተጽፈው ይገኛሉ። እነርሱም «ዲ ኤፍ» እና «ዲ ዩ» ይባላሉ። ሁለቱም እስከ ዛሬ በየሰርቨሩ ይሠራሉ። ከዚህ የምንረዳው የዲስክ መሙላት የትናንት ችግር አለመሆኑን ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1956 አይ ቢ ኤም ያወጣው የመጀመሪያው የኮምፒውተር ዲስክ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር፤ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ክብ ሠሌዳዎች ተደርድረውበት ይይዝ የነበረው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር።

ሁለቱ ትእዛዞች የሚመልሱት ጥያቄ ተቀራራቢ ቢመስልም አንድ አይደለም። «ዲ ኤፍ» የሚጠይቀው የዲስኩን ሒሳብ ያዥ ነው፤ ከጠቅላላው ስፋት ምን ያህሉ እንደተያዘና ምን ያህሉ እንደቀረ በአንድ መስመር ይናገራል፤ ማን እንደያዘው ግን አይናገርም። «ዲ ዩ» በበኩሉ ከዲስኩ ሥር ተነሥቶ በየማኅደሩ እየገባ፣ በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል እየቆጠረ ይደምራል። የመጀመሪያው የባለቤቱን መዝገብ እንደ ማየት ነው፤ ሁለተኛው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንደ መቁጠር ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ቢያስተውለው መልካም ነው፤ ምክንያቱም ፍለጋው ከፍ ብሎ ሲሄድ ሁሉ ነገር የሚንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ የመረጃ ባለሙያ በመጀመሪያ «ዲ ኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች። መልሱም ጠቅላላ ስፋት 465 ጊጋባይት፣ የተያዘ 442፣ ቀሪ 0 የሚል ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት የሚያደናግሩ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዲስኩ ሲገዛ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው 500 ጊጋባይት ነበር። 35ቱን የሰረቀው ማን ነው? ማንም አልሰረቀውም። ፋብሪካው ጊጋባይትን የሚቆጥረው በ1,000 እያባዛ ነው፤ ትእዛዙ ግን በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል። በድሮ ጊዜ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና እንደሚለያይ ሁሉ፣ ይህም የመስፈሪያ ልዩነት እንጂ የእህል ጉድለት አይደለም። ሁለተኛ፣ 465 ላይ 442 ሲቀነስ 23 ይቀራል እንጂ 0 አይሆንም። ይህ 23 ጊጋባይት ሊኑክስ ለዋናው አስተዳዳሪ ብቻ ብሎ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ነው። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው «ኢ ኤክስ ቲ 4» የተባለው የፋይል አደረጃጀት ካልተከለከለ በቀር ከጠቅላላው 5 በመቶውን በዚህ መልክ ይከለክላል። ዘር እህል እንደማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢያልቅ እንኳ አስተዳዳሪው ገብቶ ችግሩን የሚፈታበት ጥቂት ቦታ ይቀራል።

ቀጥሎ «ዲ ዩ» ተሰጠ። ይህን ትእዛዝ በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንዳይገባባቸው የተከለከሉትን ማኅደሮች ሳይቆጥር ያልፋል፤ ድምሩም ያነሰ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ከዋናው ዲስክ ጋር ወደ ተያያዙ ሌሎች ዲስኮች ተሻግሮ እንዳይቆጥር መታዘዝ አለበት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከሥሩ ያሉትን ማኅደሮች በመጠናቸው ቅደም ተከተል ማስደርደር፣ ትልቁን መርጦ መግባት፣ በውስጡ ያሉትን እንደገና ማስደርደር፣ እንደዚሁ እያሉ መውረድ ነው። ይህንኑ ሥራ በስክሪን ላይ እያሳዩ የሚያቃልሉ ፕሮግራሞችም አሉ፤ በሊኑክስ «ኤን ሲ ዱ»፣ በዊንዶውስ ደግሞ «ዊንዲርስታት» ይታወቃሉ። ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ባለበት ሰርቨር ላይ ቆጠራው ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል።

ውጤቱ የሚከተለው ሆነ። ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎች 190 ጊጋባይት፣ በስካነር የተነሡ የድሮ ደብተሮችና ውሎች 46፣ የመረጃ ቋቱ 38፣ በዚያው ዲስክ ላይ የቆዩ መጠባበቂያ ቅጂዎች 30፣ የዕለት ሁኔታ የሚጻፍባቸው ሎጎች 9፣ ራሱ ሥርዓቱና ፕሮግራሞቹ 8 ጊጋባይት።

የማንም ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በ190ው ላይ ነው። ፎቶግራፍ ለምን ይህን ያህል ቦታ ይይዛል? ስሌቱን እንይ። በፎቶግራፉ ላይ አንዲት ነጥብ በመሬት ላይ 25 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር የምትወክል ቢሆን፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት 4,000 በ4,000፣ ማለትም 16 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዷ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለም አንድ አንድ ባይት፣ በድምሩ 3 ባይት ትፈልጋለች። ስለዚህ ካልታመቀ በቀር አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 48 ሚሊዮን ባይት ይይዛል፤ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ወረዳም 48 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል። ነጥቧ በግማሽ ብታንስ፣ ማለትም 12.5 ሴንቲ ሜትር ብትሆን፣ መጠኑ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። እንግዲህ 190 መድረሱ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጽሑፍ ምንም ያህል ቦታ አይፈጅም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3ኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በተለመደው የአጻጻፍ ስልት እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል የሚይዘው 1 ብቻ ነው። «ደምበጫ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል 12 ባይት ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ዲስኩን የሞላው አማርኛው ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ጥርጣሬው መሠረት የለውም። 1,500 ፊደል ያለበት አንድ ገጽ የሚይዘው 4,500 ባይት ገደማ ነው፤ በአንድ ጊጋባይት ውስጥም እንዲህ ያለ ከ200,000 በላይ ገጽ ይገባል። ያው ገጽ በስካነር 6,000 በ4,000 ነጥብ ሆኖ ሳይታመቅ ቢነሣ ግን 72 ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም የ16,000 ገጽ ጽሑፍ ያህል ቦታ ይወስዳል። ቦታ የሚፈጀው ፊደሉ ሳይሆን የፊደሉ ሥዕል ነው።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፎቹ ትልቁን ድርሻ መያዛቸው ጥፋተኞች አያደርጋቸውም። እነዚህ ሥዕሎች በሰርቨሩ ላይ የተቀመጡት ሥርዓቱ ሲተከል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአንዲት ባይት እንኳ አልጨመሩም። ሰርቨሩ ትናንት ይሠራ ከነበረና ዛሬ ካቆመ፣ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ከትልቁ ነገር ዘንድ ሳይሆን ካደገው ነገር ዘንድ ነው። ትልቅ መሆንና ማደግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በቤት ጥግ የቆመ ትልቅ ጎታ ቤቱን ያጠበበው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ዛሬ በሩን የዘጋው ግን ትናንት የገባው ጆንያ ነው። የማሳ ወሰን ክርክር ሲነሣ ለማስረጃ የሚቀርቡት እነዚሁ ፎቶግራፎች መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ፣ በጥድፊያ ቢደመሰሱ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በየወሩ የየማኅደሩን መጠን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚያኖር መሥሪያ ቤት ቢኖር፣ የዘንድሮውን ካምናው አስተያይቶ ያደገውን በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል። ይህን የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ባለሙያዋ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ደመረች። 190፣ 46፣ 38፣ 30፣ 9 እና 8 ሲደመሩ 321 ይሆናሉ። «ዲ ኤፍ» ግን የተያዘው 442 ነው ብሏል። ከቤት ወደ ቤት የተቆጠረውና በመዝገብ የተጻፈው አልገጠሙም። 121 ጊጋባይት የትም የለም፤ ሆኖም ቦታ ይዟል። ልብ የሚሉ ሰዎች ፍለጋውን የሚጀምሩት ከዚህ ላይ ነው።

የማይታይ ነገር ቦታ የሚይዝበት አንዱ መንገድ እንደሚከተለው ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዓት የአንድ ፋይል ስምና የፋይሉ አካል የተለያዩ ናቸው። ፋይል ሲደመሰስ በቅድሚያ የሚጠፋው ስሙ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የሚሠራበት ፕሮግራም ካለ ግን አካሉ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ በዲስኩ ላይ ይቆያል። ስሙ ከመዝገብ ቢፋቅም ቤቱን ያልለቀቀ ተከራይ ማለት ይህ ነው። «ዲ ዩ» የሚቆጥረው ስም ያላቸውን ብቻ ስለሆነ አያየውም፤ «ዲ ኤፍ» ግን ቤቱ መያዙን ያውቃል። እንዲህ ያሉትን ለይቶ የሚያሳየው «ኤል ኤስ ኦፍ» የተባለ ትእዛዝ ነው፤ ይህም በአሁኑ ሰዓት የተከፈቱትን ፋይሎችና የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል። በምሳሌያችን አንድ ሠራተኛ ከጥቂት ሳምንት በፊት ያበጠ የሎግ ፋይል አይቶ ደምስሶት ነበር፤ ቦታ ያገኘም መስሎት ነበር። ጽሑፉን የሚያወጣው ፕሮግራም ግን ተዘግቶ ስላልተከፈተ በስም አልባው ፋይል ላይ መጻፉን ቀጥሎ 27 ጊጋባይት አድርሶታል። መፍትሔው ፕሮግራሙን አቁሞ እንደገና ማስነሣት ነው፤ ቦታው ወዲያውኑ ይለቀቃል። ከመነሻው ማድረግ የነበረበትም ፋይሉን መደምሰስ ሳይሆን ውስጡን ባዶ ማድረግ ነበር።

ከ121 ላይ 27 ሲነሣ 94 ይቀራል። ይህኛው ይበልጥ የተሸሸገ ነበር፤ የተገኘውም በትእዛዝ ሳይሆን በማሰብ ነው። በሊኑክስ ተጨማሪ ዲስክ ሲገናኝ እንደ ዊንዶውስ የራሱ ፊደል አይሰጠውም፤ በዋናው ዲስክ ላይ በሚገኝ አንድ ባዶ ማኅደር ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ማኅደር የሚገባ ሁሉ የሚያገኘው የተጨማሪውን ዲስክ ይዘት ነው። ማኅደሩ ቀደም ሲል ባዶ ካልነበረ ግን በውስጡ የነበረው አይጠፋም፤ ይሸፈናል እንጂ። የቤት ወለል ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ ከሥሩ ያለውን እንደሚሸፍን ነው። ሥር ያለው ቦታውን እንደያዘ ይቀራል፤ ቆጣሪው ግን ምንጣፉን አይቶ ያልፋል።

ባለሙያዋ በየሌሊቱ የመረጃ ቋቱ መጠባበቂያ ቅጂ የሚጻፍበትን ውጫዊ ዲስክ ከፍታ ፋይሎቹን በየቀናቸው ተራ ደረደረች። እያንዳንዱ ፋይል 2 ጊጋባይት ያህል ነበር። ቀኖቹን ስትከተል ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 28 ምንም ቅጂ የለም። የኅዳር 19 ቀን፣ የታኅሣሥ 28 ቀን፣ በድምሩ 47 ሌሊት ነው። 47 በ2 ሲባዛ 94 ይሆናል። ነገሩ ተገለጠ፤ ኅዳር 11 ቀን መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ውጫዊው ዲስክ አልተጫነም ነበር። ሆኖም ቅጂ የሚጽፈው ፕሮግራም ይህን አላወቀም፤ ማኅደሩ በስሙ አለ፤ ስለዚህ 47 ሌሊት ሙሉ በዋናው ዲስክ ላይ ጻፈ። ታኅሣሥ 29 ቀን አንድ ሰው ውጫዊውን ዲስክ በእጁ ሲጭነው ምንጣፉ በላዩ ተዘረጋበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የወረዳው መዝገብና የመዝገቡ መጠባበቂያ በአንድ ዲስክ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ዲስኩ በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ቢበላሽ ኖሮ ከኅዳር 11 ወዲህ የተፈጸመው ውርስ፣ ስጦታና ኪራይ ሁሉ ምንም ዱካ አይኖረውም ነበር። ከቦታ ማጣቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ነው።

ስለ ቀን ከተነሣ አንድ ነገር ጠቅሶ ማለፍ ይገባል። ሰርቨሮች ቀንን የሚጽፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓትንም ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ይቆጥራሉ። በሎግ ላይ «02:00» የተባለው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ የተስተካከለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ ደግሞ 3 ሰዓት መጨመር ስላለበት ያው «02:00» ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ከሎጉ ጋር የሚያስተያይ ሰው ይህን ካላሰበ የማይገናኙትን ያገናኛል።

ከሚታዩት መካከልም ያደገ አለ። የመረጃ ቋቱ 38 ጊጋባይት ቢይዝም፣ መዝገቡ ራሱ 13 ብቻ ነው። 25ቱ ወደ ክልሉ ማእከል ለመላክ ወረፋ የሚጠብቁ የለውጥ መዝገቦች ናቸው። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድሞ በእነዚህ መዝገቦች ላይ ይጽፋል፤ በሌላ ቦታ ያለ ተቀባይ ቅጂውን እንዲወስድ ከታዘዘም፣ ተቀባዩ ወስጃለሁ እስኪል ድረስ አይጥላቸውም። ኔትወርክ ከተቋረጠ ወረፋው ይረዝማል። የአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ለወራት እንደቆየ የሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለው ወረፋ እንዴት እንደሚረዝም ለማሰብ አይቸገርም። እነዚህን መዝገቦች በእጅ መደምሰስ ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ የመረጃ ቋቱ ሲነሣ የሚመካባቸው በእነርሱ ላይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ላይነሣ ይችላል። ወይ መስመሩን ማስተካከል፣ ወይ ተቀባዩን ከዝርዝር ሰርዞ ቋቱ ራሱ እንዲያጸዳ መተው ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 13ኛው እትም ወረፋው ከዚህ መጠን አይለፍ ብሎ መወሰንን ፈቅዷል።

አልፎ አልፎ ደግሞ ዲስኩ ሰፊ ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» የሚልበት ጊዜ ያጋጥማል። እያንዳንዱ ፋይል «አይኖድ» የሚባል የመዝገብ መስመር ያስፈልገዋል፤ የመስመሮቹም ብዛት ዲስኩ ሲዘጋጅ ይወሰናል። በጣም ትንንሽ የሆኑ ፋይሎች በሚሊዮን ሲፈለፈሉ ጎተራው ሳይሞላ መዝገቡ ያልቃል። «ዲ ኤፍ» ይህንንም ቢጠየቅ ይናገራል።

በምሳሌያችን ባለሙያዋ ያደረገችው ይህ ነው። ያበጠ ሎግ የያዘውን ፕሮግራም አቁማ አስነሣች፤ 27 ጊጋባይት ተለቀቀ፤ የመረጃ ቋቱም በዚያው ተነሣ፤ በር ላይ የቆሙት ባለጉዳዮችም ገቡ። ውጫዊውን ዲስክ ከማኅደሩ ላይ አንሥታ በሌላ ማኅደር ላይ ከጫነች በኋላ፣ ተሸፍነው የነበሩትን 47 ቅጂዎች አንድ በአንድ ወደዚያ ገልብጣ፣ የተገለበጠው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን እያረጋገጠች ከዋናው ዲስክ ላይ ደመሰሰች። የተያዘው ወደ 321 ወረደ። መስመሩ ተስተካክሎ ክልሉ ወረፋውን ሲረከብ ደግሞ 296 ሆነ። ቅጂ የሚጽፈውም ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ ውጫዊው ዲስክ መጫኑን ሳያረጋግጥ እንዳይጽፍ፣ ካልተጫነም ሥራውን አቁሞ እንዲያስታውቅ ሁለት መስመር ትእዛዝ ተጨመረለት። ፎቶግራፎቹን ማንም አልነካቸውም።